«ልጆቹ ጥሩ ናቸው» የሚል አስተያየት ምን ያስተምራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የመጡ ናቸው። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንና የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑ ተቋማት፣ ሰልጣኞቻቸው ወጥተው ከሚሠሩባቸው ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ አምቡላንስ ጣቢያዎችና ከአካባቢው ነዋሪ የሚሰሙትን አስተያየት ምን ያድርጉት? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የሰውም የተቋምም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የደረጃ 4 ሰልጣኞቻችን የትብብር ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ ለየሆስፒታሉ ሃያ ጥያቄ ያለው ቅጽ እንልካለን፤ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡበታል። ሁሌም 4 እና 5 ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከሥሩ «ልጆቹ ጥሩ ናቸው፣ በዚሁ ይቀጥሉበት» ተብሎ ይመለሳል። በአካል ስንገናኝ ግን «ልጆቻችሁ ገና ናቸው» ይሉናል። ቅጹን እንዴት እናሻሽለው?

መልስ፦ ጥያቄዎቹን ከመቀየርዎ በፊት ቅጹ የሚሄድበትን መንገድ ይከተሉ። በደብዳቤ የተላከ ቅጽ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይመራል፤ ዳይሬክተሩ ለማትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ይመራዋል። ማትሮኗ ሰልጣኞቹን ያየቻቸው በመጀመሪያው ቀን ገለጻ ሲሰጣቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን እንጀራ ላለመዝጋት ብላ 4 እና 5 ትሞላለች፤ አይፈረድባትም። ቅጹን ለራሱ ለሰልጣኙ አስይዞ የሚልክ ኮሌጅም አለ። ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ 2 የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

መጠየቅ ያለበት የሰልጣኙን እጅ ያየ ሰው ነው። ታካሚውን የተቀበለችው የትሪያጅ (ታካሚን እንደ ሕመሙ ክብደት የምትለይ) ነርስ፣ ሪፈራሉን በስልክ ያስተናገደው የሊያዘን (የሪፈራል ግንኙነት) ባለሙያ፣ ወላዷን ከጤና ጣቢያ ያስረከበችው አዋላጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአምቡላንሱ ሾፌር። ሾፌር የሚጠይቅ ኮሌጅ ጥቂት ነው፤ እኛ ግን አንድ ሰው ብቻ ምረጡ ብንባል እሱን እንመርጣለን። ስትሬቸሩ ሲነሳ ማን በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ማን በወገቡ ጎንበስ ብሎ እንዳነሳ ያያል። የታካሚው ቀበቶ መታሰሩን፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላም ሰልጣኙ ከኋላ ታካሚው ራስጌ መቅረቱን ወይም ጋቢና መጥቶ መቀመጡን ያውቃል። በብዙ ወረዳ ሾፌሩ ለዓመታት ያለ ባለሙያ ታካሚና አስታማሚ ብቻ ጭኖ የተመላለሰ ሰው ነውና፣ ከኋላ የሠለጠነ እጅ መኖሩ ምን እንደሚለውጥ ከማንም በላይ ይገባዋል። መጻፍ ካልፈለገ በቃሉ ይጠየቅ፤ አስተባባሪው ይጻፍለት።

ሃያውን ጥያቄ ወደ አራት ያውርዱት። ዛሬ ይህ ሰልጣኝ ሲሠራ ካዩት ውስጥ ለሌላው አርአያ የሚሆነው የትኛው ነው? አስቁመውት ወይም ተቀብለውት ራስዎ የሠሩት ሥራ ነበር? ምን ሲያደርግ ነው ያስቆሙት? በርክክብ ጊዜ ሳይነግርዎ ቀርቶ ኋላ ራስዎ የደረሱበት ነገር አለ? ነገ ብቻዎን ተረኛ ሆነው ይህ ልጅ ቢመደብልዎ የትኛውን ሥራ አይሰጡትም?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። «ደካማ ጎኑ ምንድን ነው?» የተባለ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። «ብቻዎን ሆነው ምኑን አይሰጡትም?» ሲባል ግን ሐሳቡ ከልጁ ወደ ታካሚው ይዞራል፤ «ምጥ የያዛት እናት ጋ ብቻውን አልተወውም» ብሎ በግልጽ ይናገራል።

ጊዜው የተረኝነቱ ማብቂያ ነው። ከሳምንት በኋላ የተጠየቀ ሰው ትዝ የሚለው የልጁ ጠባይ እንጂ ሥራው አይደለም፤ «ትሑት ነው» የሚለው አስተያየት የሚበዛውም ለዚህ ነው። ለአንድ ሰልጣኝ በአንድ የልምምድ ወር ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሰብስቡ። ከአንድ ሰው የመጣ ሦስት ወረቀት እንደ አንድ ይቆጠር። ወረቀቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፤ በፖስታ ታሽጎ በአስተባባሪው እጅ ይምጣ፣ አለዚያም አስተባባሪው በስልክ ይጠይቅ። የድሮውን ቅጽ አይጣሉት፣ ለኢንስፔክሽን ፋይል ይፈለጋል። ውሳኔ ግን አይወሰንበት።

ጥያቄ፦ አሠልጣኝ ነኝ። ከአጋሮች የሚደርሰን አስተያየት «ቲዎሪ ያውቃሉ፣ ተግባር ላይ ደካማ ናቸው» የሚል ነው። ከዚህ ተነስተን የተግባር ሰዓት ጨምረናል፤ አስተያየቱ ግን አልተለወጠም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «ደካማ ናቸው» የሚለውን፣ ታካሚ «አሞኛል» እንዳለዎ ይቁጠሩት። «አሞኛል» ላለ ሰው ዝም ብለው መድኃኒት አይሰጡም፤ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲያደርጉ ይላሉ። ሰዓት መጨመሩ ያልሠራው ሕመሙ የት እንዳለ ሳይጠየቅ ስለታዘዘ ነው።

በአንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንድ ሆስፒታል «ሰልጣኞቹ ኦክስጅን አያውቁም» አለ እንበል። ተመልሰው ይጠይቁ፦ የትኛው ቀን፣ የትኛው ታካሚ፣ ምን ታየ? መልሱ «ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተብሎ የመጣ ሰው ሲደርስ ባለ ከረጢቱ ማስክ ፊቱ ላይ አለ፣ ሲሊንደሩ ግን ባዶ ነው» ሆኖ ይመጣል። ይህ ከ«አያውቁም» በጣም የተለየ ነገር ነው። ሰልጣኙ ትክክለኛውን ማስክ መርጧል፤ ፍሎ ሜትሩንም በደቂቃ 10 ሊትር ላይ በትክክል አድርጓል። ያልሠራው ከመነሳቱ በፊት የነበረውን አንድ አጭር ስሌት ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ ከሚነበበው ባር፣ ማለትም የግፊት መጠን፣ 15 ለመጠባበቂያ ይቀነሳል፤ የቀረው በሲሊንደሩ የሊትር መጠን ይባዛል፤ ውጤቱ በደቂቃ ለሚፈሰው ሊትር ይካፈላል። ባለ 2 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ቢያሳይ 85 ሲባዛ በ2፣ 170 ሊትር አለው። በደቂቃ 10 ሊትር 17 ደቂቃ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ደግሞ 11 ደቂቃ ግድም ነው። መንገዱ 40 ደቂቃ ከሆነ ታካሚው ከግማሽ መንገድ በፊት ባዶ ማስክ ይዟል። ባለ ከረጢት ማስክ ደግሞ ፍሰቱ ሲቆም ከረጢቱ ስለሚጨማደድ ጭራሽ ማፈን ይጀምራል። ያው መንገድ 60 ባር ባለው ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር ግን 45 ደቂቃ ይሸፈናል።

አሁን ወደ ኮሌጁ ይመለሱና ቀዳዳውን ይፈልጉ። አልተማሩትም? ተምረውት ዕቃ አልነበረም? የተማሩበት ዕቃና ሥራ ላይ ያለው ዕቃ ይለያያል? ተምረው አልተፈተኑበትም? ወይስ ችለውት የሥራ ቦታው አላስነካቸውም? ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ሌላ ነው። በዚህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ተደራርቦ ይገኛል። አንደኛው የስኪል ላቡ (የተግባር መለማመጃ ክፍሉ) ሲሊንደር ባዶ ነው፤ ሰልጣኙ ጌጁን ያየው ሁሌም ዜሮ ላይ ስለሆነ፣ ማንበብ እንዳለበት ዓይኑ አልለመደም። ሁለተኛው ቲቲኤልኤሙ (የማስተማሪያ ጽሑፉ) ከአሜሪካ መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ ስሌቱ ፒኤስአይ በሚባለው የግፊት መለኪያና በ«ዲ» እና «ኢ» የሲሊንደር መጠኖች ነው፤ አምቡላንሱ ላይ ያለው ጌጅ ግን በባር ነው። ተጨማሪ 20 ሰዓት የተግባር ትምህርት ቢሰጥ ባዶ ሲሊንደር ላይ 20 ሰዓት መለማመድ ይሆናል።

ስለዚህ የሚደረገው ትንሽ ነው፤ ሲሊንደሩን ማስሞላት፣ ምሳሌውን ወደ ባር መገልበጥ፣ ከዚያም በየጠዋቱ አንድ ሰልጣኝ ጌጁን አንብቦ እስከ ሦስት የታወቁ ቦታዎች ያደርስ እንደሆነ በአንድ ደቂቃ እንዲያሰላ ማድረግ። በውስጥ ምዘናውም ይግባ። ከሦስት ወር በኋላ ለዚያችው የትሪያጅ ነርስ «አሁን ኦክስጅን እንዴት ናቸው?» አይበሏት። «በዚህ ወር ባዶ ሲሊንደር ይዞ የደረሰ አለ?» ይበሏት።

ከኦክስጅን ቀጥሎ ደጋግሞ የሚነሳው ርክክብ ነው። ቅሬታው ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ሰልጣኙ ከታካሚው ስምና ቀበሌ ይጀምርና ነርሷ ፊቷን ስታዞር ዋናውን ሳይናገር ይቀራል። ዕድሜና ጾታ፣ ምን ደረሰበት ከስንት ሰዓት በፊት፣ ምን ተገኘ፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ግፊትና የኦክስጅን መጠን፣ ምን ተደረገለት፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልምምዱ በጩኸት መሃል፣ ቆሞ፣ ሰው እያቋረጠው ይሁን። ጸጥ ባለ ክፍል የተለማመደ ሰው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይጠፋበታል።

ጥያቄ፦ በኮሌጅ የጥራት ማረጋገጫ ክፍል እሠራለሁ። ሆስፒታሉ «ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ላይ ይበርቱ» ይላል። የአምቡላንስ ጣቢያው ማንሳትና ማጓጓዝ ይላል። ጤና ጣቢያው ስለ እናቶች ያነሳል። ሰልጣኝ ሊችለው የሚገባውን የሚዘረዝረው የሙያ ደረጃ ደግሞ በአገር ደረጃ የወጣ ስለሆነ እኛ አንቀይረውም። የማንን እንስማ?

መልስ፦ መጀመሪያ የአምቡላንሱን መዝገብ ይክፈቱ። ያለፉትን ሦስት ወራት ጉዞዎች በምክንያታቸው ይለዩ፤ ምጥና ወሊድ፣ የመኪና አደጋ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ሌላም። ሁለት ሰው ተቀምጦ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። አምቡላንስ ለየወረዳው ሲከፋፈል ዋናው ዓላማ የእናቶችን ሞት መቀነስ ስለነበር፣ በአብዛኛው ገጠር ወረዳ ከላይ የሚቀመጠው ምጥና ወሊድ ነው። መዝገቡ ይህን ካሳየ የጤና ጣቢያው ቃል ይቀድማል። ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ሲበላሽ ሕይወት የሚያስከፍለው የቱ ነው የሚለውም ይታይ። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በመንገድ ላይ ልትሞት ትችላለች። አዋላጇ «ስለ እናቶች» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አሁንም ይጠይቁ፤ «ሲነሱ አንዴ ግፊት ለክተው እስኪደርሱ ዝም ይላሉ» ልትል ትችላለች። እንግዲያው ልምምዱ ይህ ነው፦ በየ15 ደቂቃው የልብ ምትና ግፊት መለካት፣ ማኅፀኑ መጠንከሩን በእጅ መዳሰስ፣ ካልጠነከረ ማሸት፣ የደሙን መጠን በዓይን ማየት፣ እናቲቱን ማልበስ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ መጻፍ።

የሆስፒታሉን አስተያየት ሲመዝኑ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ። ሠራተኛ ያነሰው ዎርድ ከሰልጣኝ የሚፈልገው የሚያግዝ እጅ ነው። ካኑላ የሚጠቅም ክህሎት ቢሆንም፣ ጥያቄው ከታካሚው መንገድ ይልቅ ከዎርዱ የሥራ ጫና የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሆስፒታሉ መንገር አያስፈልግም፤ ለራስዎ ማወቁ ይበቃል።

ሙያ ደረጃውን አለመቀየር ምንም አለመቀየር አይደለም። የክፍለ ጊዜ ዕቅዱ፣ የርዕሶቹ ቅደም ተከተል፣ በስኪል ላብ አንድ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ የሚሠራበት ሁኔታ፣ በቲቲኤልኤም ውስጥ ያለው ምሳሌ፣ ሰልጣኙ የሚመደብበት ቦታ ሁሉ በኮሌጁ እጅ ነው። ከዚያ ያለፈውን፣ ማለትም በደረጃው ውስጥ የሌለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ብቃት ካገኛችሁ፣ ከሁለት ዙር ሰልጣኝና ከሦስት የሥራ ቦታ የተሰበሰበ ማስረጃ አያይዛችሁ በክልሉ ቢሮ በኩል ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አቅርቡ። «አጋሮች ጠይቀዋል» የሚል ባዶ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ደግሞ አጋር ያለው ሁሉ ትክክል አይደለም። አንድ ነባር ነርስ «ሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት) ሲሠሩ ይቸኩላሉ፣ ደረቱንም በኃይል ይጫናሉ» ቢል ልጆቹን ከመገሠጽ በፊት ይለኩ። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ 30 ጭነት ለ2 ትንፋሽ፣ ማቋረጡ ከ10 ሰከንድ ያነሰ ነው። መለኪያ ያለው ማኒኪን ባይኖር ሰዓት ይበቃል፤ 30ው ጭነት ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ሰልጣኙ በ17 ሰከንድ ከጨረሰ ልክ ነው፤ በ12 ሰከንድ ከጨረሰ ደግሞ ነርሱ ልክ ነው። ሰልጣኙ ልክ ሆኖ ሲገኝ ኮሌጁ መመሪያውን ይዞ ሄዶ የግማሽ ቀን ማደሻ ቢያቀርብ ከክርክር ይሻላል። ካልሆነ ልጁ ኮሌጅ የተማረውን ዎርድ ላይ ያስረሱታል።

ጥያቄ፦ በእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሰልጣኞች እንቀበላለን፣ አስተያየትም እንሰጣለን። የሰጠነው የት እንደሚደርስ አናውቅም፤ ዘንድሮም የመጡት ያንኑ ስህተት ይሠራሉ። መሙላቱ ሰልችቶናል።

መልስ፦ መሰልቸትዎ ተገቢ ነው። አስተያየት ተቀብሎ መልስ የማይሰጥ ተቋም በሁለተኛው ዓመት የሚያገኘው «ጥሩ ናቸው» ብቻ ነው። ከኮሌጁ ጋር ያላችሁ የመግባቢያ ሰነድ ሲታደስ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ አስተያየቱ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ኮሌጁ አንድ ገጽ መልስ ይልካል፤ ገጹ «ያላችሁን»፣ «ያደረግነው»፣ «ያላደረግነውና ምክንያቱ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይኖሩታል። ሦስተኛውን ዓምድ አጥብቀው ይጠይቁ። «የመተንፈሻ መሣሪያ የምንገዛበት በጀት ዘንድሮ የለም» የሚል ሐቀኛ መልስ ከዝምታ በብዙ ይሻላል፤ ምናልባት ጣቢያው የራሱን መሣሪያ ለልምምድ ሊያውሳቸው ይችላል።

ከእናንተም በኩል አስተያየቱ በቁጥር ይምጣ። «ሰልጣኞች በጭስ ውስጥ ጥንቃቄ የላቸውም» ከማለት «የመተንፈሻ መሣሪያው የአየር ማለቂያ ማስጠንቀቂያ ፊሽካ እስኪጮህ ይቆያሉ» ይበሉ፣ ከዚያም ስሌቱን ያያይዙ። ባለ 6 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር 1800 ሊትር አየር ይይዛል፤ በደቂቃ 40 ሊትር ሲታሰብ 45 ደቂቃ ነው። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን በደቂቃ 80 ሊትር ሊተነፍስ ይችላል፤ 45ቱ ወደ 22 ይወርዳል። ፊሽካው 55 ባር ግድም ላይ ሲጮህ የቀረው 330 ሊትር ነው፣ ማለትም አራት ደቂቃ። መግቢያው ስድስት ደቂቃ ከፈጀ መውጫው አራት ደቂቃ አይሆንም። ይህን ያነበበ አሠልጣኝ ልምምዱን ከፊሽካ ወደ ጌጅ ንባብ ከማዞር ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለት ዙር መልስ ካጡ ቅጹን ይተዉና ለዲኑ ደብዳቤ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ሰልጣኝ ነኝ። ነርሶቹ የሚሰጡት አስተያየት ውጤታችን ላይ ይያዝብናል ስለሚባል ስንሳሳት እንደብቃለን። አሠልጣኛችን ደግሞ የታካሚ ፎቶና የሪፈራል ወረቀት በቴሌግራም ግሩፕ ላኩና እንማርበት ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለፕሮግራሙ ማሻሻያ የሚሰበሰብ አስተያየትና ለሰልጣኝ ውጤት የሚውል ምዘና በተለያየ ወረቀት፣ ከተቻለም በተለያየ ሰው መሰብሰብ አለባቸው። ያለዚያ እናንተ ስህተት ትደብቃላችሁ፤ ኮሌጁም የሚያርመው ነገር ያጣል። የክፍል ተወካያችሁ ይህን በጽሑፍ ይጠይቅ። ታካሚ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የነበረ ስህተት ግን ለተረኛው ባለሙያ ወዲያውኑ ይነገራል፤ እሱ ለማንም አይቆይም።

ፎቶውን አትላኪ። ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ፊት፣ ቀበሌ ያለበት ምስል የታካሚው ነው እንጂ የማንም የማስተማሪያ ዕቃ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን በጥብቅ ይይዘዋል። ለመማር የሚያስፈልገው «የ30 ዓመት ሴት፣ ከወሊድ በኋላ አንድ ሰዓት፣ የልብ ምት 124» የሚለው ብቻ ነው። ይህን ሎግ ቡክሽ ላይ ጻፊው።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን) ሥልጠና ትከታተላለች። ትምህርት ቤቱ በፕሮግራሙ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ ሆነህ ግባ ብሎኛል። ሕክምና አላውቅም። ምን ልናገር?

መልስ፦ ግብዣውን ይቀበሉ፤ ለይስሙላ የተጠሩ አይደሉም። በአሜሪካ በ2018 የወጣው ፐርኪንስ 5 የተባለው የሙያ ትምህርት ሕግ፣ ገንዘቡን የሚቀበሉ ሁሉ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የአካባቢ ፍላጎት ጥናት እንዲያደርጉና ቀጣሪዎችን፣ ወላጆችን፣ ተማሪዎችንና የኅብረተሰብ ወኪሎችን እንዲያማክሩ ያስገድዳል። ከኢኤምቲ ከፍ ባለው የፓራሜዲክ ደረጃም የዕውቅና ሰጪው አካል መሥፈርት በአማካሪ ኮሚቴው ውስጥ ከሐኪም፣ ከቀጣሪና ከእሳት አደጋ ወይም ከፖሊስ ጋር የሕዝብ ወኪል እንዲኖር ይጠይቃል።

ሕክምናውን የሚናገሩ ሌሎች አሉ። እርስዎ የሚያውቁት አምቡላንስ አማርኛ የሚነገርበት ቤት ሲደርስ የሚሆነውን ነው። ለምሳሌ እማማን «እንዴት ነዎት?» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሰልጣኙ «ሕመም የለም» ብሎ ይጽፋል። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «የለም» ይላሉ፤ «ሐኪም አዝዞልዎ ለጸበል ወይም ለጾም ብለው ያቆሙት አለ?» ቢባሉ ግን የስኳር ወይም የግፊት ኪኒን ስም ይወጣል። ለስኳር ታካሚ «መቼ በሉ?» የሚለው ጥያቄ በጾም ወቅትና በረመዳን ልዩ ክብደት አለው። ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ደም መፍሰስ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆምበት ቤት አለ። እናት በልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም።

ከዚህ ተነስተው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ። ሰልጣኞች የስልክ አስተርጓሚ እየደወሉ ታካሚ መጠየቅን በልምምድ ሠርተውት ያውቃሉ ወይ? ጎረቤታችሁ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከከተማዋ ጋር የሚሠሩ ሰልጣኞች ይህን ማወቅ አለባቸው። ሁለተኛው፣ በዓመት አንድ የልምምድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የመጡ ፈቃደኛ ሽማግሌ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚ ሆነው ቢቀርቡስ? ወጪ የለውም። የሚያነሱት ነገር እውነተኛ ከሆነ የማንንም ስምና አድራሻ አይጥሩ። ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ገጽ ይዘው ይሂዱና «ይህስ ምን ደረሰ?» ይበሉ።

ጥያቄ፦ አጋሮችን ለስብሰባ ስንጠራ አበልና መስተንግዶ ይጠየቃል። በጀቱ የለንም። ከኅብረተሰቡስ እንዴት አስተያየት እንሰብስብ?

መልስ፦ ስብሰባ አይጥሩ፣ እርስዎ ይሂዱ። ሆስፒታሎች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ሞርኒንግ» የሚሉት ርክክብ አላቸው፤ ቀድመው አስፈቅደው ከማብቂያው አሥር ደቂቃ ይለምኑ። አራቱን ጥያቄዎች ጠይቀው ሲጨርሱ ያለፈውን ወር መልስ አንብበው ይውጡ። አምቡላንስ ጣቢያ ከሆነ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሰዓት ይሻላል። አንድ አስተባባሪ በሳምንት ሁለት ቦታ ቢሄድ በወር ስምንት ይሆናል፤ ወጪው የታክሲና የስልክ ካርድ ነው። ትልቁን ስብሰባ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲስ ሰልጣኞች ከመግባታቸው በፊት ያድርጉት፤ የአምቡላንሱን የጉዞ ቆጠራና የዓመቱን መልሶች ይዘው ከቀረቡ ሰው ለአበል ሳይሆን ለጉዳዩ ይቀመጣል። ቢያንስ ብዙዎቹ።

ለኅብረተሰቡ እድር አለ። ሰብሳቢውን አስፈቅደው በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወደ አምቡላንስ (907) ወይም ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ (939) የደወለ ሰው አለ? ሲደውል ምን ተጠየቀ፣ ምን መመለስ አቃተው? የሚሰሙት ሁሌም አድራሻ ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር «ከመድኃኔዓለም ጀርባ» ተብሎ የተነገረ ቦታ አምቡላንሱን ግማሽ ሰዓት ያዞረዋል። ከዚህ የሚወጣው ልምምድ ቀላል ነው። ሰልጣኙ ስልክ ሲቀበል መጀመሪያ የደዋዩን ቁጥር መልሶ ያነባል፣ በመስመሩ መቋረጥ ታካሚ እንዳይጠፋ። ቀጥሎ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሦስት ምልክት በተራ ይጠይቃል፤ ከዚያ «አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ይቁም፣ ምን ለብሷል?» ይላል። በሚቀጥለው ወር ለሾፌሩ የሚቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሰፈሩ ደርሰው ቤቱን ለማግኘት ስንት ጊዜ መልሰው ደወሉ?